የማስትሮው ግራ እጅ

ሜካፕ ሠሪዋ እጄ ላይ የምትለጥፈው ፀጉር ከማን ራስ እንደመጣ አላውቅም። አንድ ጊዜ ጠይቄያት "የፋብሪካ ነው፣ አትጨነቂ" ብላኛለች። የፋብሪካ ፀጉር ግን ሽበት አይኖረውም። በወረንጦ ትንሽ ትንሽ እያነሳች በመጀመሪያ ጣቶቼ ላይ፣ ከዚያ በእጄ ጀርባ እስከ አንጓዬ ድረስ ትተክለዋለች። ማጣበቂያው የሰነበተ ዓሣ ይሸታል፤ ሲደርቅ ቆዳዬን ይጨመድደዋል። ጥፍሮቼን ቢጫ ትቀባና ከሥራቸው እድፍ ትጨምርበታለች። ስትጨርስ እጄን ወደ መብራቱ ታነሳና "ወይ ወንድ!" ትላለች። በየቀኑ ትላለች። እኔም ለይሉኝታ እስቃለሁ።

ፊልሙ ስለ አንድ የሞተ የሙዚቃ ደራሲ ነው። ሲያፈቅር ቫዮሊን ይጫወታል፣ ሲያብድ ይጫወታል፣ ልጁ ስትሞትበት ይጫወታል። ስለ ሙዚቃ ደራሲዎች የሚሠሩ ፊልሞች ሁሉ እንደዚህ ናቸው። ሰውየው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንዲት መስመር ሲጽፍና ሲሰርዝ የሚውልበትን እስካሁን አላየሁም።

ዋናው ተዋናይ የቫዮሊኑን ደጋን መጎተት ተምሯል። ቀኝ እጅን በጥቂት ወር ማስመሰል ይቻላል፤ ግራ እጅ ግን ልጅነትን ይፈልጋል። ስለዚህ የእሱን ግራ ክንድ ከጀርባው በጨርቅ ያስሩታል። እኔ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተንበርክኬ ካፖርቱ ሥር እገባና ክንዴን በባዶው እጅጌ አሾልካለሁ። ቫዮሊኑን በአገጩ ይዞ ይቆማል። ደጋኑ የሚያርፍበት ክር ላይ ግን ምንም ድምፅ የለም፤ የደጋኑን ፀጉር ሆን ብለው በሳሙና አሽተውታል። ሙዚቃው ቀድሞ የተቀረጸ ነው፤ ከድምፅ ማጉያው ይመጣል፣ እኛ በላዩ ላይ እናስመስላለን። ካሜራው ከፊት ሲያየን አንድ ሰው ነን።

ከካፖርቱ ሥር ጨለማ ነው። ፊቴ የሚያርፈው ልክ ብብቱ ሥር ነው። ተዋናዩ ደግሞ ሰውየውን ለመሆን ብሎ ገላውን መታጠብ ትቷል።

"በዚያ ዘመን ማን ይታጠብ ነበር?" አለኝ መጀመሪያ ቀን፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "ላቡ የሱ ነው፣ የኔ እንዳይመስልሽ።"

በትዕይንቶች መካከል የተቀቀለ እንቁላል ይበላል። ምሳ ሰዓት ላይ እንኳ እንደ ሙዚቃ ሊቅ "ማስትሮ" ተብሎ ካልተጠራ አይዞርም። የመብራት ሠራተኞቹ "ማስትሮ፣ እባክዎ ጨውን ያቀብሉን" እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱ ግን ቀልድ መሆኑ አልገባውም። የኔ ስም ግራ እጅ ነው። "ግራ እጅ ምሳ በልታለች?" ይባባላሉ። "ግራ እጅን ከሽንት ቤት ጥሩልኝ።"

ይህን ሁሉ የቻልኩት በሙዚቃው ምክንያት ነበር። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው የወንድሜ ቫዮሊን ነው።

ወንድሜ በብዙ ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ እያልኩ ነው ያደግሁት። ሁለታችንንም ያስተማረን አባታችን ነው፤ በአንድ ቫዮሊንና በአንድ ዓይነት ቁጣ። የትኛውን ድምፅ በየትኛው ጣት እንደምንይዝ የወሰነልን እሱ ስለሆነ፣ እጃችንን ብቻ የሚያይ ሰው አይለየንም ነበር። ባለፈው ዓመት ፊልሙ ገና በወሬ ላይ ሳለ፣ ለልጅቷ ሞት የሚሆነውን ዘገምተኛ ሙዚቃ የቀረጸላቸው ወንድሜ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጣቱ እምቢ አለው። የግራ እጁ የቀለበት ጣት የቫዮሊኑን አንገት በነካ ቁጥር ያለ ፈቃዱ ወደ መዳፉ ይታጠፋል። ማንኪያ ሲይዝ አይታጠፍም። ቁልፍ ሲያዞር፣ የልጁን ፀጉር ሲጎነጉን አይታጠፍም። ሐኪሙ መርምሮ መርምሮ "እጅህ ጤነኛ ነው፣ መንገዱ የጠፋበት ጭንቅላትህ ነው" አለው። ወንድሜ አመስግኖ ወጣና ቫዮሊኑን አልጋ ሥር ከተተው። አሁን ሙዚቃ ትምህርት ቤት ኖታ ማንበብ ያስተምራል፤ በጠመኔ።

እንግዲህ ይህ ቅጂ የመጨረሻው ነው። ሰው ወንድሜን ከእንግዲህ የሚሰማው በዚህ ፊልም ውስጥ ብቻ ነው። እጅ ሲፈልጉም እኔን የጠቆማቸው እሱ ነው። "የሷን ውሰዱ፣ ያው የኔው ናት" ብሏቸው።

ቅጂውን በቃሌ እስክይዘው ሰማሁት። ጋሼ ከእያንዳንዱ ሐረግ በፊት በአፍንጫው አጠር አድርጎ አየር ይስባል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሊገባ እንደተዘጋጀ ሰው። ቅጂው ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከካፖርቱ ሥር ሆኜ ደጋኑን አላይም፣ የራሴን ጣት እንኳ አላይም። መቼ እንደምገባ የሚነግረኝ ያ ትንፋሽ ነበር። ትንፋሹን እሰማለሁ፣ ጣቴን አሳርፋለሁ።

የልጅቷን ሬሳ ሣጥን ትዕይንት ልንሞክር በተዘጋጀንበት ጠዋት እንደ ልማዴ ተንበርክኬ ጠበቅሁ።

"ድምፅ!" አለች ዳይሬክተሯ።

ትንፋሹን ስጠብቅ ሙዚቃው ጀመረ። ጣቴ ዘገየ።

"ቁረጡ! ግራ እጅ፣ ተኝተሻል እንዴ?"

የመብራት ሠራተኞቹ ሳቁ። ከላዬ ማስትሮው "ልጄ ሞታ ግራ እጄ ታንቀላፋለች" አለ፤ ሲስቅ ሆዱ ጆሮዬ ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። እንደገና ጀመርን፤ እንደገና ዘገየሁ። በሦስተኛው እየገመትኩ ገባሁና እንደምንም ቀጠልን። መሃል ላይ፣ ሙዚቃው ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር፣ አንድ የማቃሰት ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ከላዬ ያለው ሰውዬ ያመመው መሰለኝ። ኋላ ነው ድምፁ ከማጉያው እንደሚመጣ ያወቅሁት፤ እሱ ከተቀረጸው ከራሱ ድምፅ ጋር አብሮ ነበር የሚያቃስተው።

ለምሳ ሲበተኑ የድምፅ ባለሙያው ጋ ሄድኩ። ጆሮ ነው የሚሉት። መሣሪያው ላይ ተደፍቶ ብስኩት ይበላል።

"ትንፋሹ የት ሄደ?"

"የቱ ትንፋሽ?"

"የወንድሜ ነዋ! ከየሐረጉ በፊት ያለው።"

"እሱን አጸዳሁት። ስንት ልፋት እንደፈጀብኝ ብታውቂ። ጉንፋን ይዞት ነበር መሰለኝ ወንድምሽ፣ በየመስመሩ ይምጋል።"

"ጉንፋን አይደለም።"

"እሺ፣ አለርጂ ይሁንልሽ።"

"ያ ማቃሰትስ?"

ብስኩቱን አስቀመጠ። "ስሚ እህቴ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት። ማስትሮው ራሱ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ግማሽ ቀን ሲያምጥ ዋለ። እንኪ፣ ስሚውና ከዚያ ትሰድቢኛለሽ።"

የጆሮ ማዳመጫው ስፖንጅ እርጥብ ነበር። ከእኔ በፊት ማን አድርጎት እንደነበር ሳልጠይቅ ገባኝ። አደረግሁት። የወንድሜ ቫዮሊን ንጹሕ ሆኖ መጣ፤ ሕይወት እንደሌለው ንጹሕ። በላዩ ላይ ሰውየው አለ። ያቃስታል፣ ያጓራል፣ አፉን ሲከፍት ምራቁ ከላንቃው ሲላቀቅ ይሰማል። በዝግታ በሚሄደው ቦታ ላይ ልክ ወጥ እንደጣመው ሰው "እምምም" ይላል። ወደ ላይኛው ድምፅ ሲወጣ፣ እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ቦታ ላይ፣ እንደ በሬ አገሳ። ያን ድምፅ ወንድሜ ከታች ነበር የሚይዘው፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጀምሮ እየጎተተ፣ እንደሚያለቅስ ሰው፣ ወደ ቦታው ያደርሰዋል። አሁን የሚሰማው ግሳቱ ብቻ ነው።

ማዳመጫውን አውልቄ ጆሮዬን በእጅጌዬ ጠረግሁ።

"አይዞሽ፣ ይለመዳል" አለ ጆሮ። "እኔም መጀመሪያ ምሳዬን መብላት አቅቶኝ ነበር።"

ዳይሬክተሯን ሬሳ ሣጥኑ አጠገብ አገኘኋት፤ ክዳኑ ላይ ወረቀቶቿን ዘርግታለች። ማስትሮው እዚያው ወንበር ላይ ሆኖ እንቁላል ይልጣል።

"የኔ ቆንጆ፣" አለችኝ ሳልጨርስ፣ "ተመልካች ቫዮሊን ሊሰማ አይመጣም። ሰው ሊያይ ነው የሚመጣው።"

"ታዲያ የወንድሜን ትንፋሽ ለምን ታወጣላችሁ? እሱስ ሰው አይደለም?"

"እሱ በፊልሙ ውስጥ የለማ!"

"ትንፋሹ የኔ ካልሆነ ሰውየው እኔ አይደለሁም" አለ ማስትሮው። የእንቁላሉ አስኳል ከንፈሩ ዳር ላይ ቀርቷል። "እጁን ሰጠሁሽ። ድምፁን ለወንድምሽ ሰጠሁ። እኔ ታዲያ ምን ልሁን? ካፖርት መስቀያ?"

ትንሽ እውነት ነበረው፤ እሱም አስጠላኝ።

ዳይሬክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ካልተመቻችሁ አላስገድድም። የሌላ ሰው ቅጂ አለን። መካከለኛ ነው፣ ግን ማቃሰቱ ይሸፍነዋል። የወንድምሽን አወጣለሁ። ነገ ይመጣ የለ? ጋብዤዋለሁ። እሱ ይወስን።"

ይወስን ብላ ስትናገር ቀላል ነገር መሰላት። ወይ ወንድሜ በሌላ ሰው ምራቅ ተለውሶ ይቀራል፣ ወይ ጨርሶ አይቀርም።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እሱ ቤት ሄድኩ። ሱሪውን እየተኮሰ ነበር።

"ካሜራ ውስጥ አትገባም እኮ ጋሼ።"

"ማን ያውቃል፣ ሬሳ ተሸካሚ ቢጎድልባቸውስ።" ጎንበስ ብሎ አሸተተኝ። "አንቺ፣ ዓሣ በልተሻል?"

"ማጣበቂያው ነው።"

ጣቴ ላይ የቀረች አንዲት ፀጉር ነቅሎ በመስኮቱ ብርሃን አያት። "ሽማግሌ አድርገውሻል" አለና ጣላት። ከዚያ ስለ ተማሪዎቹ ነገረኝ። ፊልሙ ሲወጣ ክፍሉን በሙሉ ይዞ ሊሄድ ነው። ስሙ መጨረሻ ላይ ሲያልፍ የሚያጨበጭብ ተማሪ እንደሚቀጣ አስጠንቅቋቸዋል፤ ይህን ሲለኝ ግን ፊቱ ፈካ። በተኮሰው ላይ ደግሞ ይተኩሳል። ልነግረው አፌን ከፍቼ "ሱሪውን ልታቃጥለው ነው" አልኩት።

በማግሥቱ ሲመጣ እጄ ላይ ፀጉሩ ተለጥፎ አልቆ ነበር፤ ልጨብጠው አልቻልኩም። ዳይሬክተሯ ጉንጩን ሳመችው። ማስትሮው እጆቹን ዘርግቶ መጣና አቀፈው፣ አጥብቆና ረጅም ጊዜ። ወንድሜ ዓይኑ ፈጠጠ። ሲለቀው ወደ እኔ ዞሮ በከንፈሩ ብቻ "ምንድን ነው ይሄ?" አለኝ።

ከድምፅ ባለሙያው አጠገብ ወንበር ሰጡትና አሰሙት። እኔ ከሣጥኑ አጠገብ ቆሜ ፊቱን አየሁ። ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ የተማሪ ፈተና እንደሚሰማ፣ ሰማ። በመጀመሪያው ማቃሰት ቅንድቡ ተነሳ። በ"እምምም"ው ላይ ጆሮ አንገቱን ደፋ። ሙዚቃው ወደ ላይ ወጣ፤ ግሳቱ መጣ። ወንድሜ ጣቱን አነሳ።

"እዚህ ጋ መልስልኝ።"

ጆሮ መለሰለት። አንድ ጊዜ ደገመው፣ ሌላ ጊዜ ደገመው። ማስትሮው ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ውርደቱ ሲጀምር ምን እንደማደርግ አስቤ ጨርሼ ነበር፤ ይህን ፀጉር እዚያው ፊታቸው እነጭና ወንድሜን ይዤው እወጣለሁ።

"እዚህች ላይ" አለ ወንድሜ፣ "ጩኸቱን ትንሽ ከፍ አድርገው።"

"ጋሼ!"

ሁሉም ዞሩ። ወንድሜ ክንዴን ይዞ ከሣጥኑ ወዲያ ወሰደኝ።

"ምን ሆነሻል?"

"እያገሳብህ እኮ ነው! ከሁሉ የሚያምረው ቦታ ላይ!"

"የሚያምረው?" አለና ትክ ብሎ አየኝ። "እውነት አልሰማሽውም? አንቺ?"

"ምኑን?"

"ጣቴን። መጀመሪያ የታጠፈው እዚያ ላይ ነው። ስወጣ ከዳኝ፣ ድምፁን ዝቅ ብዬ አገኘሁት፣ እንደምንም ጎትቼ አደረስኩት። ልድገመው አልኳቸው። 'ኧረ ተወው፣ ስሜት አለው' አሉ። ደስ ብሏቸው አጨበጨቡልኝ። እኔም ዝም አልኩ።" አፍንጫውን አሸ። "ይኸው ዓመቱን ሙሉ ሰው ይህን ሲሰማ ይታየኛል። አሁን ሰውየው አገሳበት። ገላገለኝ።"

"ልቅሶ ነበር እኮ የመሰለኝ" አልኩ። "እኔም እንዳንተው ጣቴን አጋድሜ እየጎተትኩ ነው የምይዘው።"

ፊቱ ተለወጠ። "ትጎትቺዋለሽ? ካሜራው ፊት?"

"እንዳንተ እንዲሆን ብዬ ነዋ።"

"በይ እንዳታደርጊው። ቀጥ አድርገሽ ትከይው። ድምፁ ይሸፈን፣ ጣቱ ግን ይታያል። ሰው ጣቱን ልክ ሆኖ ይየው። ገባሽ?"

"ትንፋሽህስ? ትንፋሽህን በሙሉ አውጥተውታል።"

"የቱን? ያንን መማጌን?" ሳቀ። "አባባ እሱን ሊያስተወኝ ስንት ኩርኩም እንደጨረሰ ረሳሽው? አጸዱልኝ? እግዜር ይስጣቸው።"

ያን ጊዜ አስጠላኝ። ወንድሜ ነው፣ ቢሆንም አስጠላኝ። የተተኮሰ ሱሪው፣ የፈካ ፊቱ፣ ከዚያ ሽታ ጋር ተቃቅፎ መሳቁ። ለእሱ ብዬ የታገልኩለት ነገር እሱ እንዳይታይበት የሚደብቀው ጉድፍ ነበር። እኔ ደግሞ ያንን ጉድፍ ጣት በጣት አጥንቼዋለሁ።

"ያለ ትንፋሹ መግባት አልችልም" አልኩ በመጨረሻ። "አላይም እኮ እዚያ ውስጥ። በሱ ነበር የምገባው።"

ይህን እንደ ሥራ ጉዳይ ያዘው። ወዲያው ወደ ማስትሮው ሄደ።

"ማስትሮ፣ ለእህቴ መግቢያ ምልክት ያስፈልጋታል። ከየሐረጉ በፊት በአፍንጫዎ ይሳቡላት። አጭር፤ እንዲህ።" ሳበ።

ማስትሮው ሳበ። አልሆነም፤ የበዛ ነበር።

"እንደዚያ አይደለም። ትከሻዎን አያንሱ። ቀዝቃዛ ነገር እንደነካዎት።"

ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ። ስለ ሥራው ክፉ ልናገር አልችልም፤ ጎበዝ ነው። አንድ ሁለት ጊዜ ሞከረና ያዘው። ርዝመቱን፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆራረጥ፣ ሁሉንም። የአባቴ ኩርኩም ያላጠፋውን፣ ጆሮ ከቅጂው የፋቀውን፣ ቆሞ በአፍንጫው አወጣው። ወንድሜ በደስታ ጭኑን መታ። "እኔው ራሴ!" አለ። "ሰማሽ? እኔው ራሴ እኮ ነኝ!"

"እንሂድ!" አለች ዳይሬክተሯ። "ግራ እጅ፣ ግቢ።"

መውጣት እችል ነበር። በሩ ክፍት ነበር፤ ዘበኛው ወንበሩን በሩ ላይ አድርጎ ፀሐይ ይሞቃል። እኔ ብወጣ ግን ከወንድሜ ቅጂ ጋር የሚገጥም እጅ ስለማይኖራቸው እሱም ከፊልሙ ይወጣል፣ ተማሪዎቹን የትም አይወስድም። ተንበረከክሁ። ካፖርቱን ገልጬ ገባሁ። ሽታው እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ክንዴን በእጅጌው አሾለክሁ፤ ገበሩ ከትናንት ላብ አልደረቀም ነበር።

"ድምፅ!"

ከላዬ፣ በጨለማው ውስጥ፣ ወንድሜ አየር ሳበ። እሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እንቁላል እንቁላል ይሸታል። ጣቴ ግን ምንም ሳይጠይቅ በሰዓቱ ገባ። በየሐረጉ ይስባል፣ በየሐረጉ እገባለሁ። እምቢ ማለት የነበረበት ጣት ለሰውየው እንደ ውሻ ታዘዘ። ሙዚቃው ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ጎኑ ሲያብጥ ተሰማኝ፣ ለግሳቱ እየተዘጋጀ ነው። ከብብቱ አንዲት የላብ ጠብታ ወርዳ እጅጌው ውስጥ በክንዴ ላይ እየተሳበች እስከ አንጓዬ ደረሰች። እዚያ ፀጉሩ ውስጥ ቆመች። አገሳ። የቀለበት ጣቴን አንሥቼ፣ ሳላጋድም፣ ክሩ ላይ ቀጥ አድርጌ ተከልኩት። ድምፁ ዝቅ ብሎ እየተጎተተ ሲመጣ ጣቴ ቀድሞ ቦታው ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

"ቁረጡ!"

ጭብጨባ ሰማሁ። ብዙ ሰው ነበር፤ የጋሼን ግን ለየሁት፤ እሱ ሲያጨበጭብ መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ ነው።

"ግሩም ነው! ግሩም!" አለች ዳይሬክተሯ። "አንድ ጊዜ ደግሞ ከቅርብ እንወስደዋለን። ማንም ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ። ግራ እጅ፣ እዚያው ቆዪ።"

የላብ ጠብታዋ ወደ መዳፌ መውረድ ጀመረች። እጄ ለካሜራው ስለሚታይ ልጠርጋት አልቻልኩም። ከንፈሬን ገጥሜ፣ ግንባሬን ወደ ኋላ በተቻለኝ መጠን አሽሽቼ፣ እዚያው ቆየሁ።